ለአንቲ ሊዚ ያልኩት እልልታ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። እኔ በራሴማ ይህን ነገር አላነሳውም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ለወለድኳቸው ለእነሱ እንኳ አጫውቻቸው አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ልጄ ቤቲ ከትምህርት ቤት የሰጧትን ሰፊ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ዛፍ ተስሎበታል፤ በየቅርንጫፉ ባዶ ሳጥን አለ።

«እምዬ፣ ፕሊስ፣ ማንዴይ ነው የምንሰጠው» አለችኝ። «ባንቺ በኩል ሁለት ስም ብቻ ነው የማውቀው። ከዛ በላይ ማን አለ?»

ቆጠርኩላት። ይመር፣ ካሣ፣ አበጋዝ፣ ወልዴ፣ ጓንጉል፣ ሀብቴ፣ ዘገየ። አራተኛው ላይ ሳጥኑ አለቀባት። እህቷ ሶስና «ዎው፣ እምዬ እኮ ጉግል ናት!» ብላ ሳቀች። ቤቲ ደግሞ የምትጽፍበትን እርሳስ እያኘከች፣ «ክላሳችን ውስጥ አንዷ አለች፣ ከኢንግላንድ በመርከብ ከመጡት ሰትለርስ ነን ብላ ቲቸሯ አስጨበጨበችላት። ሁለት መቶ ዓመት ብላ። ያንቺን ሳመጣ ምን ልትል ነው!» አለች።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። እንባዬን የሽንኩርት አስመሰልኩት። ሶስና ግን ልጅ አይደለችም፣ አየችኝ። ከዚያ በኋላ አልተላቀቁኝም። ነገርኳቸው። ነግሬያቸው ሳበቃ ቤቲ «ጻፊው» አለች፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ወረኢሉ፣ ከእናቴ ጋር ግራር ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ከመንገድ ቢወጣ ታገሡኝ። ዕድሜዋን በመንገድ የጨረሰች ሴት ቀጥ ያለ ወሬ አታውቅም።

ጆሃንስበርግ ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የጥቁሮቹ መንግሥት ከመጣ ብዙም አልቆየ። ከወንድሜ ጋር ሞያሌን ተሻግረን፣ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን በአውቶቡስም በጭነት መኪናም፣ አንዳንዱንም በእግር አልፈን ነው የመጣነው። የመንገዱን ነገር ብጀምር ሌላ ወሬ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ማላዊ ሐይቅ ዳር የበላሁትን ጥብስ ዓሣ የሚያህል ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም። ረሃብ ነው ያጣፈጠው ይሉኛል፣ ይሁን። ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ደርባን ወረደና እኔ አንድ ካርቶን ካልሲና ማበጠሪያ ይዤ አስፋልት ዳር ቀረሁ።

ጥቅምት ነበር። መንገዱ ሁሉ በጃካራንዳ አበባ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ስትረግጠው ጧ፣ ጧ ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ ወረደ። የዚህን አገር በረዶ ያላየ አያምነኝም፣ እንቁላል የሚያክል። ካልሲዬ በጎርፍ ተወሰደ። ካርቶኑን በላዬ ደፍቼ ስንቀጠቀጥ አንዲት ቀይ ዳማ፣ ወፍራም ሴትዮ ከታክሲ መጠበቂያው ወጥታ መጣች። ካልሲዎቹን እንደ ጫጩት እየሰበሰበች በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረችልኝ።

«አንቺ ሞኝ፣ ለካልሲ ልትሞቺ ነው? ነይ፣ ልጄ፣ ነይ» አለችኝ።

አንቲ ሊዚ ናት፣ አክስት ሊዚ እንደማለት። እዚህ አገር «ከለርድ» ከሚሏቸው ሰዎች፣ ከነጭም ከጥቁርም ከተወለዱት፤ አገሯ ከባሕሩ ወገን፣ ምሥራቅ ኬፕ። ስድሳ ዓመት ይሆናታል። ኬንሲንግተን፣ ኮረብታው ላይ፣ የአንዲት አሮጊት እንግሊዝ ቤት ልብስ አጣቢና ተኳሽ ነበረች። ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ሠላሳ ዓመት ኖራለች። እኔንም ያን ቀን እዚያው ክፍል ወሰደችኝ። ሁለት አልጋ ነበር፣ እግራቸው በጡብ ላይ የቆመ። «ጡቡ ለምንድነው?» ብላት «ሌሊት የሚመጣ አጭር ሰይጣን አለ፣ እንዳይደርስብሽ ነው። እኔ አላምንበትም፣ ግን ጡቡን ለማንሳትም ድፍረቱ የለኝም» ብላ በሳቅ ፈረሰች። በነጋታው ለማዳም «እጇ ጥሩ ነው» ብላ ነገረችልኝና ቤት ጠራጊ ሆኜ ገባሁ።

በፆም ሥጋ እንደማልበላ ስታውቅ ለእኔ ብቻ ሳምፕ ትቀቅልልኝ ነበር፤ የተከካ በቆሎ ከባቄላ ጋር ነው። የእናቴን ንፍሮ ይመስላል። እሷ ራሷ ሳትፆም ከእኔ ጋር እሱን ትበላለች። «ብቻሽን ስትበዪ ታሳዝኚኛለሽ» ትለኝ ነበር።

ማዳም፣ ሚስስ ሃርዲንግ፣ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ለእውነት ብዬ ነው። ጥሩነሽ የሚለው ስሜ ምላሷ ላይ አልሄድ ብሏት «ትሩዲ» አለችኝ፣ እኔም አቤት አልኩ። ባሏ ሞቷል፤ ግራሃም የሚባል አንድ ልጅ አላት፣ በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። የቀረውን ቀን ሁሉ የምታሳልፈው ዘሯን ስታጠና ነው። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ረጅሙ ጠረጴዛ ምግብ ቀርቦበት አያውቅም፤ የዘር ሐረጓ የተጻፈበት ትልቅ ጥቅል ወረቀት ነበር የሚዘረጋበት። ወረቀቱ ስለሚጠቀለል እኔ ጫፉን እይዛለሁ፣ እሷ በጣቷ ታነባለች።

«ሄንሪ አባቴ። የሄንሪ አባት ቶማስ። የቶማስ አባት ዊልያም። የዊልያም አባት ጆሳያ፣ በመርከብ የመጣው እሱ ነው፣ የሠረገላ ጎማ የሚሠራ አናጢ። ገና ጺም ሳያወጣ በድንኳን፣ በጫካ...» ትልና ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ጆሳያ ግን መቃብሩ አልተገኘም። ሚስቱ ምሥራቅ ኬፕ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አለች፣ ድንጋይዋ ላይ ስሟ አለ፤ እሱ ከጎኗ የለም። ማዳም ለስንት ሰው ደብዳቤ ጻፈች፣ ስንት ጊዜ እዚያ ድረስ ወርዳ ሣር ውስጥ ፈለገች። ወረቀቱ ላይ በስሙ አጠገብ በቀይ ቀለም የጥያቄ ምልክት ነበር።

እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። ግን ትውልድ ሲቆጠር በጆሮዬ መያዝ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ አባቴ እርሻ ሲውል እንኳ ከኋላው እያስከተለ ያስቆጥረኝ ነበር። ስለዚህ የማዳምን አባቶች ከራሴ አባቶች እኩል አወቅኳቸው። ወደድኳትም። አባቶቿን የምትፈልግ ሰው የኛ ሰው ትመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ፤ እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፣ ደረቅ ብርድና የተቃጠለ ሣር ሽታ ነው። አንድ ቀን ከሊዚ ጋር ልብስ እየተኮስን ነበር። እሷ ካውያውን ትይዛለች፣ እኔ አሚዶ የነካውን አንሶላ እወጥርላታለሁ። ለጨዋታ ብዬ «አንቲ፣ እስቲ አንቺስ ቁጠሪ» አልኳት።

«ምኑን?»

«አባቶችሽን። እናቶችሽን። እስከቻልሽው።»

ሳቀች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ከሸሚዙ አንገትጌ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ቆጠረች። «እናቴ ሳራ። የእናቴ እናት ማርታ። የማርታ አባት ዴቪድ። የዴቪድ እናት የቆሳ ነገድ ሴት ናት፣ ከትልቁ ቤት ጓሮ፣ ከኋላ ቤት የምትኖር። አባቱ የትልቁ ቤት ጌታ ነው፣ የጎማ ሠሪው፣ ጆሳያ።»

አንሶላው ከእጄ ወደቀ። «የኛው ጆሳያ?»

«ሌላ ስንት ጆሳያ ይኖራል? አንሺው፣ አቆሸሽሽው።»

«መቃብሩስ?»

«ከሴትየዋ ጎን ነዋ። ከኋላ ቤቱ ፍርስራሽ፣ ከእሾህ ዛፉ ሥር። ልጆች ሆነን አያቴ እየወሰደች ሣሩን ታስነቅለን ነበር።» ካውያውን ምራቋን ጣል አድርጋ ሞከረችውና ወደ ሌላ ሸሚዝ አለፈች። ለማንም አትናገሪ አላለችኝም። እንዲህ ያለው ዝምድና በአፍ እንደማይነሳ መንገር ያስፈልጋል ብላ አላሰበችም። የዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ መንገደኛ አባቴ ቤት አደረ። ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩለት በስድስተኛው ቤት ሀብቴ ላይ ገጠመ። አባቴ ተነስቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፣ በግ ታረደ፣ እናቴ እልል አለች። ዘመድ ሲገኝ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ሌላ አሠራር መኖሩን ማን ነግሮኝ? ሊዚና ማዳም በአራተኛ ቤት ይገናኛሉ። አራተኛ ማለት እኮ ቅርብ ነው! ሠላሳ ዓመት አንድ ግቢ ኖረው አልተዋወቁም ብዬ አዘንኩላቸው። ዝም ብዬ ግን አልነገርኩም፤ ዘመድ የሚገለጠው በሰው ፊት ነው። ለብስራት አስቀመጥኩት።

ቀኑ ደረሰ። የማዳም ሰባ አምስተኛ ልደት፣ እሑድ ቀትር ላይ። ከኬፕም፣ ከአውስትራሊያም ዘመድ መጣ። ጓሮው በጥብስ ጭስ ታፈነ፤ ውስጥ ደግሞ ስኮን የሚሉት ትናንሽ ዳቦ ከማርማላታና ከክሬም ጋር፣ ኪያር የገባበት ስስ ሳንድዊች ተደረደረ። የዘር ሐረጉ ተጠናቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ ራሱን እየፈለገ በጣቱ ይነካል። ማዳም ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ትሩዲ!» አለችኝ። «ነይ፣ አባቶችሽን ቁጠሪላቸው። እሷ እኮ ያለ ወረቀት ነው የምታውቀው!»

መሐል ቆሜ ሰባቱንም ቆጠርኩ። አጨበጨቡ። አንዱ «ከእኔ በለጠች!» ብሎ አሳቀ። ሊዚ በበሩ በኩል የሻይ ማቅረቢያውን ይዛ እየገባች ነበር። በዚያች ሰዓት ልቤ ሞቀ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ሊዚም ትቆጠር» አልኩ። «ሊዚ፣ ሳራ፣ ማርታ፣ ዴቪድ፣ ጆሳያ። ማዳም፣ ሊዚ ያንቺ ሥጋ ናት! አራተኛ ቤት ናችሁ!»

እና እልል አልኩ። ሦስቴ።

የዚህ አገር ሴቶችም እልል ይላሉ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ድምፄ ግድግዳው መትቶ ሲመለስ ራሴ ሰማሁት። ማንም አልተቀበለኝም።

መጀመሪያ የተናገረው ግራሃም ነው፤ እየሳቀ። «ሊዚ ያን ወረቀት ሠላሳ ዓመት አቧራውን ስትጠርግ ስሙን ብታውቅ ምን ይገርማል!» ሁለት ሦስት ሰው ተገላግሎ አብሮት ሳቀ። እኔ ዝም ብልስ? አላልኩም። ውሸታም የተባለች መሰለኝና ልከላከልላት ገባሁ። «አይደለም! መቃብሩንም ታውቃለች! ከኋላ ቤቱ ከእሾህ ዛፍ ሥር ነው፣ ከሌላዋ ሴት ጎን!»

ማዳም ስኒዋን አስቀመጠች።  ይህ ወረቀቱ ላይ እንዳልነበረ ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። «ሊዚ» አለች በቀስታ፣ «እውነት ነው?»

ሊዚ አላየቻትም። ያየችው እኔን ነው፣ ለአፍታ፣ ያን ቀን በረዶ ውስጥ እንዳየችኝ ዓይነት አይደለም። «ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ማዳም። ልለውጠው» አለችና ወጣች።

እንግዶቹ ሳይመሽ ተበተኑ። ከአውስትራሊያ የመጣችው ሴትዮ በበሩ ስታልፍ ጆሮዬ ሥር «ደግ ነገር አላደረግሽም» አለችኝ። ምኑ ደግ እንዳልሆነ አልገባኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግራሃም ጥቁር ቦርሳ ይዞ መጣ። ሊዚን መመገቢያ ክፍል ጠርቶ በሩን ዘጋው። ማዳም መኝታ ቤቷ ነበረች፣ አልወጣችም። ሊዚ ስትወጣ በአጠገቤ አልፋ በቀጥታ ወደ ሰርቪሱ ሄደች። እሱ ወደ እኔ መጥቶ የጓሮው ክፍል ለመኪና ማቆሚያ እንደሚፈለግ ነገረኝ።

ስገባ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር፤ ለእነሱ እንደምታጣጥፍ አድርጋ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ።

«አንቲ፣ በኔ ነው?» አልኳት።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «የማዳም ሥጋ መሆኔን የማላውቅ መስሎሽ ነው? እናቴ ጡት እያጠባችኝ ነው የነገረችኝ። ይህን ቤት ፈልጌ የገባሁትም እያወቅሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም ስል ክፍሉ የኔ ነበራ። ዝምታዬ ነበር ኪራዬ። አንቺ መጥተሽ እልል አልሽበት።»

እግሯ ላይ ወደቅኩ። አነሳችኝ፤ በቁጣ ነው ያነሳችኝ፣ ክንዴ ላይ የጣቷ ምልክት ቀርቶ ነበር። «ተነሺ። እኔ ቅድስት አይደለሁም» አለች። የእህቷ ልጅ ጀርሚስተን ነበረች፤ ወደ እሷ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ልሸከምላት ብል እምቢ አለችኝ። ስትወርድ ከጀርባዋ ቆሜ አየሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ አንዴ ቆማ አረፈች፣ ዞር ግን አላለችም።

መራራው ገና ነው። መኪና የሚባል ወደዚያ ክፍል አልገባም። ግራሃም «ትሩዲ ትቀመጥ፣ እሷ ችግር የላትም» አለ። እኔ ከማንም አልዛመድማ! እኔም ተቀመጥኩ። ዓመት ከሁለት ወር ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከደርባን ድምፁን አላሰማኝም፣ መሄጃ አልነበረኝም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መሄጃ ግን እሷም አልነበራትም። ብርዱ ሲጠና የእሷን ብርድ ልብስ ከኔ ላይ ደርቤ እተኛ ነበር፤ ሳትወስደው የሄደችውን።

ማዳም ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን አልዘረጋችም። አንድ ቀን ብቻ፣ አትክልት ቦታው ላይ፣ «ትሩዲ፣ የት ነው ያልሽው መቃብሩ? የትኛው ወንዝ በኩል?» አለችኝ።  አዘንኩላት። ግን «ረሳሁት፣ ማዳም» አልኳት። ከአፌ የማይጠፋ ነገር ረሳሁ ብዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ወጣሁ፣ አገባሁ፣ ቴምቢሳ ሱቅ ከፈትን፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ፎርድስበርግ ሸጥኩ፣ ጀርሚስተን ሸጥኩ። የሄድኩበትን ሁሉ ብቆጥር ሰባት ቤት ያልፋል።

ቤቲ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ ተቆጣች። «እምዬ፣ ዩ ቶልድ ዘ ትሩዝ! ጥፋትሽ ምንድነው?» አለችኝ። ልጅ ናት። እውነት በተናገረው ሰው ላይ ሳይሆን በተነገረለት ሰው ላይ እንደሚወድቅ ገና አላየችም። እኔ እልል ብዬ በሰው ቤት እንጀራዬን በላሁ፤ ዋጋውን የከፈለችው ሌላ ናት። ይህን ስላት ሶስና እጄን ያዘችኝ። ቤቲ ወረቀቷን ጠቅልላ ሄደች። ሰኞ ምን ብላ እንዳስጨበጨበች አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ግን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ እዚህ ልጻፈው። ሊዚ በሄደች በዘጠነኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ጀርሚስተን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብርድ ልብስ ስሸጥ አንዲት ሴት ጨርቁን እየዳሰሰች ትክ ብላ አየችኝና «አንቺ እልል ያልሽው ኢትዮጵያዊት ነሽ» አለችኝ። የሊዚ የእህት ልጅ ነበረች። ሊዚ እሷ ቤት፣ ሳሎን ወለል ላይ ተኝታ ሁለት ክረምት ኖራ እንደሞተች ነገረችኝ። ደግሞም፣ ግራሃም ያን ቀን በሩን የዘጋው ሊያስወጣት እንዳልነበረ ነገረችኝ። ወረቀት ነበር ያቀረበላት። እኔም እናቴም ከዚህ ቤተሰብ ጋር ዝምድና የለንም ብላ ከፈረመች፣ ክፍሉ እስክትሞት የእሷ ነው። ሊዚ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብባ እስክሪብቶውን መለሰችለት። «ያቺ ልጅ በሰው ፊት ቆጥራኛለች» አለችው፤ ከዚያ ልብሷን ልታጣጥፍ ወጣች።